ርምጃና ቁራኛ

ግጥምና ወግ ከምንቋደስበት ማዕድ ዛሬ ኳስ ይዤ ቀርቤአለሁ። ያውም የእግር ኳስ ሳይሆን የቅርጫት ኳስ። «በባንክ መስኮት ገንዘብ ሲቆጥር የሚውል ሰው ምን ነካው?» ብትሉኝ አልፈርድባችሁም። ግን ጥቂት ታገሡኝ። የምተርክላችሁ ሙግት ከኳስ ተነሥቶ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ለእኔም ከሃያ ዓመት በላይ ሳይዘጋ የቆየ ሒሳብ አለበት።

በምኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ መካከል አንዲት የሲሚንቶ ሜዳ አለች። አንደኛው ቀለበት መረብ የለውም፤ ሌላው ወደ ጎን ዘምሟል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጆች ይጫወቱባታል። ከጠርዟ ባለው አጭር ግንብ ላይ ደግሞ ዕድሜያችን ከጨዋታ ወደ ሙግት ያሸጋገረን ሰዎች እንደረደራለን። ከመካከላችን አንዱ ድሮ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሬ የነበሩ፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። እስካሁንም ድረስ ፊሽካቸውን በኮታቸው ኪስ ሳይዙ ከቤት አይወጡም። ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን።

በአንዱ እሑድ አንድ ወጣት ስልኩን ዘርግቶ ኤንቢኤ ከሚባለው ከአሜሪካው የፕሮፌሽናል ሊግ የተቀነጨበ አንድ ግብ አሳየን። ተጫዋቹ ኳሱን እያነጠረ መጥቶ በሁለት እጁ ሰበሰበው፤ ረገጠ፤ ተራመደ፤ እንደገና ተራመደ፤ ከዚያም ወርውሮ አገባ።

«ሮጠ!» አሉ ጋሼ። «ኳስ ይዞ ሮጠ! ሦስት ጊዜ እኮ ነው የረገጠው። ዳኛው የት ሄዶ ነው?»

«አልሮጠም ጋሼ» አለ ወጣቱ፣ በትሕትና፣ ግን ሳያመነታ። «የመጀመሪያዋ አትቆጠርም። ዜሮ ርምጃ ትባላለች።»

«ዜሮ ርምጃ? ልጄ፣ ዜሮ ማለት እኮ የሌለ ማለት ነው። እግሩ መሬት ሲረግጥ በዓይኔ አይቼ የለም ትለኛለህ?»

ከዚያ በኋላ ሙግቱ የሁሉም ሆነ። ከጋሼ ጎን የቆመ አንድ ጎልማሳ መከላከል የሚባል ነገር ሞቷል አለ። «በእኛ ጊዜ እጅህን ወገቡ ላይ ጣል አድርገህ ወደምትፈልገው ትመራው ነበር። ዛሬ ብትነካው ጥፋት ነው። አጥቂው እንዳሻው እየተራመደ፣ የተከላካዩ እጅ ታስሮ፣ ይህ ምኑ ጨዋታ ነው?» ወጣቶቹ ደግሞ አልለቀቁም፤ ጥበብ ጨመረ እንጂ መከላከል አልሞተም፣ ጨዋታ ያድጋል፣ ሕግም አብሮት ያድጋል ብለው ተከራከሩ። የተሸነፈ ማኪያቶ ይጋብዛል ተባለ።

በዚህ መካከል ጋሼ ዝም አሉ። ዝምታቸው ሲረዝም ሁላችንም ዞር ብለን አየናቸው።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ይህ ዜሮ ያላችሁት ልክ ከሆነ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ፊሽካ የነፋሁባቸው ልጆች ሁሉ በከንቱ ነው የተቀጡት ማለት ነው?»

የመለሰላቸው ሰው አልነበረም። እኔማ ጭራሽ ቃል አልወጣኝም፤ ከእነዚያ ልጆች አንዱ ነበርሁና። ያን ቀን ወደ ቤቴ ከገባሁ በኋላ የዚህን ሕግ ታሪክ ከሥሩ ለማየት ቆርጬ ተነሣሁ። ያገኘሁትን እነሆ።

*

ነገሩ የሚጀምረው በታኅሣሥ 1884 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1891) ነው። በዚያን ጊዜ አገራችን «ክፉ ቀን» እየተባለ በሚታወሰው ረኀብ ውስጥ ነበረች፤ አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ገና አምስት ዓመቷ ነበር። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ደግሞ ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ የሠላሳ ዓመት ካናዳዊ መምህር ተጨንቆ ተቀምጦ ነበር። የሚያስተምርበት ቤት እኛ ወወክማ እያልን የምናውቀው የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር ማሠልጠኛ ነው። ብርዱ ተማሪዎቹን ከሜዳ አስወጥቶ አዳራሽ ውስጥ ዘግቶባቸዋል። የውጭውን ጨዋታ ወደ ጠባብ አዳራሽ ቢያስገባው ደግሞ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሊሰባበሩ ነው።

የኔይስሚዝ መፍትሔ ከአንድ ቀላል ጥያቄ የመነጨ ነበር። በራግቢና በአሜሪካ እግር ኳስ ሰው ሰውን የሚጥለው ለምንድን ነው? ኳሱን የያዘው ሰው ስለሚሮጥ ነው። የሚሮጥን ሰው ለማስቆም ከመያዝና ከመጣል ሌላ መንገድ የለም። እንግዲያው ኳስ የያዘው ባይሮጥስ? ካልሮጠ የሚይዘው አያስፈልግም፤ የሚይዘው ከሌለ የሚወድቅም የሚሰበርም አይኖርም። ይህን አሳቡን ራሱ ኔይስሚዝ በኋላ ዘመን ጽፎ ትቶታል።

ከዚህ አሳብ 13 ሕጎች ወጡ፤ ተጽፈውም በአዳራሹ ተለጠፉ። ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫቶች ከመሬት 3 ሜትር ከፍ ብሎ ባለው ሰገነት ላይ ተመቱ። 18ቱ ተማሪዎች ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው ተሰለፉ፤ በዚያ በመጀመሪያው ጨዋታ የገባችው ግብ አንዲት ብቻ ነበረች። ልብ በሉ፤ አብዛኛው ጨዋታ መጀመሪያ በልጆች እግር ይፈጠርና ሕጉ በኋላ ይጻፍለታል። ቅርጫት ኳስ ግን ሕጉ ቀድሞ ተጽፎ ጨዋታው ከሕጉ የተወለደ ነው።

ከ13ቱ መካከል ለሙግታችን የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው ሕግ «ተጫዋች ኳስ ይዞ መሮጥ አይችልም፤ ከያዘበት ስፍራ ይወርውር» የሚል መንፈስ አለው። አምስተኛው ደግሞ ተቃራኒን በትከሻ መግፋትን፣ መያዝን፣ መጥለፍንና መምታትን ይከለክላል። እኛ በግንቡ ላይ ተቀምጠን ርምጃን ለብቻው፣ መከላከልን ለብቻው አድርገን ስንከራከር ቆይተናል። በመነሻቸው ግን ሁለቱ አንድ ውል ናቸው። አጥቂው «አልሮጥም» ይላል፤ ተከላካዩ «እንግዲያው አልይዝህም» ብሎ ይመልሳል። የአንደኛው እግር የሌላኛውን እጅ ይዋሳል። አንዱ ሲላላ ሌላው ሳይናጋ አይቀርም።

*

ይህን ውል ሳነብ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከስፕሪንግፊልድ እጅግ የራቀ፣ ለእኛ ግን እጅግ የቀረበ።

በቀድሞው የአገራችን የፍርድ ሥርዓት፣ የተበደለ ሰው በዳዩን መንገድ ላይ ባገኘው ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ያስቆመው ነበር። «በምኒልክ አምላክ» እያለ በንጉሡ ስም የሚያስቆምም ነበር። ያ ቃል ከተነገረ በኋላ አንዲት ርምጃ መራመድ ድፍረት ነው፤ የተራመደው በባለጋራው ላይ ብቻ ሳይሆን በሕጉና በንጉሡ ላይ ነውና። የቆሙትም ሁለቱ ሰዎች የግድ ቤተ መንግሥት ድረስ መሄድ አይጠበቅባቸውም። የሚያልፍ መንገደኛ ዳኛ ይሆንላቸዋል። ጥላ ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ «በላ ልበልሃ» ይባባላሉ፤ «ተጠየቅ» ይባላል፤ በቅሎ ወይም ማር ይወራረዳሉ። ዙሪያውን የከበበው ሰው የዳኝነቱን ነገር ያህል የንግግሩንም ውበት ይመዝናል። የእኛ የእሑድ ሙግት ዘር ማንዘሩ ከወዴት እንደሆነ አያችሁ? በቅሎው ወደ ማኪያቶ ዝቅ አለ እንጂ ችሎቱስ ያው ነው።

በቃል የማይቆም ሲሆንስ? ያመልጣል ተብሎ የሚጠረጠር ሲሆንስ? ያኔ ቁራኛ ይመጣል። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ባለዕዳ ኩታቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ ነገሩ ሲከብድም በሰንሰለት ተያይዘው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስም አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። የታሰረው ተከሳሹ ነው ስንል አሳሪውም ታስሯል። ቁራኛ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ ሰውን ለመያዝ ሲሉ አብሮ መያዝ።

ዘመናዊው የፍርድ ቤት ሥርዓት ሲዘረጋ ቁራኛ ቀረ። ቃሉ ግን አልቀረም። «በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» እንላለን፤ እጅ ሳይነካ፣ ገመድ ሳይዘረጋ፣ በዓይን ብቻ አለመለየት ማለታችን ነው። ቋንቋችን ሰንሰለቱን ጥሎ ዓይኑን አስቀረ። በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ «የሰው ለሰው መከላከል» እያልን የተማርነው ዘዴ ከዚህ የተሻለ ስም ያለው አይመስለኝም። ያ ጎልማሳ «በእኛ ጊዜ» ብሎ የናፈቀው እጅን በወገብ ላይ ማሳረፍ ቁራኛ ነው፤ ዛሬ የሚፈቀደው ግን ዓይነ ቁራኛ ብቻ ነው።

ደግሞም ውሉ አንድ ዓይነት መሆኑን ተመልከቱ። «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚቆም ሰው ሰንሰለት አያስፈልገውም። ኔይስሚዝም ያለው ይህንኑ ነው፤ ኳስ ይዞ የሚቆም ሰው የሚጥለው አያስፈልገውም። ሁለቱ አሳቦች አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ በሁለት ዓለም፣ ወደ አንድ ሥፍራ ደርሰዋል።

*

ይህ ጨዋታ ወደ እኛ ሲመጣ በትውልዱ መንገድ ነው የመጣው፤ በትምህርት ቤትና በወወክማ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ ወወክማ ያደጉ ሰዎች የቅርጫት ኳስና የመረብ ኳስ ነገር ሲነሣ ዛሬም ዓይናቸው ይበራል። የመረብ ኳስም ቢሆን በዚያው ማኅበር ቤት፣ ከቅርጫት ኳስ አራት ዓመት ያህል ዘግይቶ የተወለደ ወንድም ነው።

በ1954 ዓ.ም. ሁለት ነገር ሆነ። በጥር ወር ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሣ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ለማለት ይከብዳል። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ደግሞ ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ተደረገ፤ ኢትዮጵያም ከተካፈሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ነበረች። ይህኛውን የሚያስታውስ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔም ብሆን ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስነሣ ነው ያወቅሁት። ዋንጫ ያለው ይታወሳል፤ የተሳተፈ ይረሳል።

ለእኛ ለልጆቹ ጨዋታውን ከነሕጉ ያደረሰልን ግን እንደ ጋሼ ያለ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነው፤ አንድ ኳስ፣ አንድ ፊሽካ፣ በእጅ ተገልብጦ የደበዘዘ የሕግ መጽሐፍ ይዞ። ሕጉ ከወጣበት አገር እዚህ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅ ነበር። የዛሬው ወጣት ግን ሌሊት የተደረገውን ጨዋታ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሆኖ በስልኩ ያየዋል። ሰፈራችን ንፋስ ስልክ የተባለው በአንድ ወቅት በአካባቢው ከነበረው ሽቦ አልባ የቴሌግራፍ ጣቢያ የተነሣ ነው፤ ያለ ሽቦ፣ በነፋስ የሚነገር ስልክ ማለት ነው። አሁን ሕጉም ጨዋታውም በነፋስ ነው የሚመጣው። ጋሼና ያ ወጣት የተጣሉት በርምጃ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ አንደኛው በመጽሐፍ፣ ሌላኛው በነፋስ በደረሳቸው ሕግ ነው።

*

ወደ ውሉ ልመለስ። ውሉ እንደ ተጻፈ አልቆየም።

በመጀመሪያ የተነቃነቀው የእግሩ ወገን ነው። ኳስ ይዞ መሮጥ ሲከለከል ተጫዋቾች ኳሱን መሬት ላይ ጥለው መልሰው መያዝ ጀመሩ። ከዚህ ብልሃት ዛሬ ማንጠር የምንለው ጥበብ ተወለደ። ኳስ እያነጠሩ መሮጥ ሲፈቀድ አጥቂው እንደገና የሚሮጥ ሰው ሆነ፤ የሚሮጥ ሰው ደግሞ፣ ኔይስሚዝ አስቀድሞ እንዳየው፣ የሚይዘውን ይጠራል። የተከላካዩ እጅ ቀስ እያለ ወደ አጥቂው ወገብ የተመለሰው በዚህ መንገድ ነው። ሕጉ ቢከለክለውም ልማዱ ፈቀደለት።

በአሜሪካው ሊግ የመከላከል ታሪክ የዚህ እጅ ታሪክ ነው። ሊጉ በተመሠረተ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1947 መጀመሪያ ላይ፣ የቀጠና መከላከልን ከለከለ፤ እያንዳንዱ ተከላካይ የራሱን ሰው እንዲጠብቅ እንጂ ቅርጫቱ ሥር እንዳይሰበሰብ። ይህ ክልከላ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የተነሣው በ2001–02 የውድድር ዘመን ነው። ያኔም ቢሆን አጥቂን የማይጠብቅ ተከላካይ ከቅርጫቱ ሥር ባለው ክልል ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይቆም የሚል አዲስ ገደብ አብሮ ገባ። እጅን በአጥቂ ላይ ማሳረፍ ደግሞ በ1994 ጠበበ፤ ከ2004–05 ጀምሮ ዳኞች በጥብቅ እንዲቀጡት ተደረገ። ዲትሮይት በመከላከል ብርታት ሎስ አንጀለስን 4 ለ 1 ረትታ ዋንጫ የወሰደችው ከዚያ አስቀድሞ ባበቃው ዘመን ነው። በዚያ ዘመን አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ 93.4 ነጥብ ያስቆጥር ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት 97.2 ሆነ። በ2022–23 ደግሞ 114.7 ደረሰ። ይህ ሁሉ የእጁ ሥራ ነው አልልም፤ ከሩቅ የሚወረወረው የሦስት ነጥብ ኳስ መብዛቱም አለ። ነገር ግን ያ ጎልማሳ «እጃችን ታሰረ» ሲል ከባዶ አልተነሣም።

በርምጃው ወገን የሆነውን በአንድ ምሽት ልግለጸው። በታኅሣሥ 26 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ ገና ሊከበር ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሺንግተን ከተማ የክሊቭላንዱ ሌብሮን ጄምስ በጨዋታው መጨረሻ ሰከንዶች ወደ ቅርጫቱ ገሠገሠ። ኳሱ ገባ፤ ነገር ግን ፊሽካ ተነፋ፤ ርምጃ አብዝተሃል ተባለ። ቡድኑም ተሸነፈ። እርሱ ግን አላመነም። ያደረግሁት «ክራብ ድሪብል» ነው አለ፤ የሸርጣን አነጣጠር እንደ ማለት ነው። ዓለም ሁሉ ሲስቅና ሲከራከር ሰነበተ። አባቶቻችን በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይሉ ነበር፤ በዚያ ገና ሰሞን ግን ጌታውም ደጋፊውም ተቆጥተው ነበር። በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት መኸር ሊጉ የሕግ መጽሐፉን አሻሽሎ፣ ማንጠር ያቆመ ወይም እየሮጠ ኳስ የተቀበለ ተጫዋች ሁለት ርምጃ እንዲወስድ በግልጽ ጻፈ። ሜዳው ለዓመታት ሲኖርበት የቆየውን ወረቀቱ ዘግይቶ ተቀበለው ማለት ነው።

የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ ተራ ደግሞ በመስከረም 21 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2017) ደረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ በሩጫ ላይ ሳለ ኳሱን የጨበጠ ተጫዋች፣ በጨበጠበት ቅጽበት መሬት ላይ ያለችው እግሩ አትቆጠርም፤ ከእርሷ በኋላ ሁለት ይራመዳል። ጋሼን ያስቆጣችው «ዜሮ ርምጃ» ይህች ናት። የአሜሪካ ብቻ ብልግና ሳትሆን የእኛም ፌዴሬሽን የሚተዳደርበት ሕግ ናት።

እንግዲህ ማን ረታ? መዝገቡን ገልጬ ሳየው ሁለቱም ወገን የሚያፍርበት ነገር አገኘሁ። ጋሼና ያ ጎልማሳ «ጥንቱ ይመለስ» ይላሉ። ጥንቱ ከተመለሰ ግን እጅ በወገብ ላይ ማሳረፍ ከሁሉ በፊት ይቀራል፤ አምስተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መያዝን ከልክሏልና። የ2004ቱ ውሳኔ አዲስ ነገር ሳይሆን ወደ ሥረ መሠረቱ መመለስ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ ዜሮ ርምጃን የዘመናቸው ግኝት አድርገው ይኮሩባታል። ግን ኔይስሚዝ ራሱ በዚያው በሦስተኛው ሕግ ላይ፣ በፍጥነት ሲሮጥ ኳስ ለያዘ ሰው ትንሽ ይታለፍለት ብሎ ጽፏል። የሚሮጥ ሥጋ በአንድ ጊዜ እንደማይቆም ያውቅ ነበር። የዜሮ ርምጃ ዘር ከ1884 ዓ.ም. ጀምሮ በሕጉ ውስጥ ተቀብሮ ነበር ማለት ነው።

እኔ በሙያዬ ከሕግ ጋር የምውል ሰው ነኝ። በመስኮቴ በኩል ስንቱን ሰው «ፊርማው አይመሳሰልም» ብዬ መልሻለሁ። አንድ ቀን እጃቸው የሚንቀጠቀጥ እናት ፊርማቸውን ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስቱም አልመሳሰል ሲላቸው፣ «ልጄ፣ እጄ እኮ አርጅቶ ነው እንጂ እኔስ ያው ነኝ» አሉኝ። ፊርማው የሚመሳከረው ገንዘባቸውን ከሌባ ለመጠበቅ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ ግን ገንዘባቸውን ከራሳቸው ይጠብቅባቸው ጀመር። ሕጉ መጥፎ አልነበረም። የተጻፈበትን ምክንያት ግን እኔ ረስቼው ነበር። የርምጃ ሕግም እንዲሁ ይመስለኛል፤ የሚቆጠረው ርምጃው ቢሆንም የሚጠበቀው ውሉ ነው።

*

አሁን ወደ ራሴ ሒሳብ ልምጣ።

በ1997 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ የክፍሎች ውድድር ነበር። በአንድ ነጥብ እየተመራን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳስ በሩጫ ላይ ተቀበልሁ። ግራ እግሬ መሬት ላይ ነበረች። ቀኜን አስቀደምሁ፤ ግራዬን አስከተልሁ፤ ዘልዬ አገባሁ። ጓደኞቼ ሲጮኹ ፊሽካው ተሰማ። ዳኛው ጋሼ ነበሩ። እጃቸውን እንደ መንኰራኵር አዙረው አሳዩኝ፤ ሮጠሃል ማለት ነው። ተሸነፍን። ክፍሌ ለሳምንታት «ሯጩ» ሲለኝ ከረመ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ለክፍሌ አልተሰለፍሁም። በጊዜው ሕግ ጋሼ ልክ ነበሩ፤ የተተከለችው እግሬ ተነሥታ ተመልሳ መሬት ረግጣለች። በዛሬው ሕግ ግን ያቺ የመጀመሪያዋ ግራ ዜሮ ናት። ግቡ ይጸድቃል።

በሚቀጥለው እሑድ ይህንን ሁሉ በግንቡ ላይ ዘረዘርሁ። የራሴን ታሪክ ስደርስ ሁሉም ፀጥ አለ። ከዚያ ሕግ የሚያጠና አንድ ልጅ ብድግ ብሎ፣ ኩታ እንደ ደረበ ተሟጋች ጃኬቱን አስተካክሎ፣ «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ» አለ። «በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 22 የወንጀል ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም ይላል። ስለዚህ እርስዎ ያኔ በነበረው ሕግ መፍረድዎ ትክክል ነው፤ በከንቱ የቀጡት ልጅ የለም። ነገር ግን ያው አንቀጽ በኋላ የወጣው ሕግ ተከሳሹን የሚጠቅም ከሆነ እርሱ ይሠራል ይላል። ስለዚህ የእኚህም ወንድማችን ግብ ይጽደቅላቸው!»

ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

«ተነሥ» አሉኝ። «አሳየኝ።»

የእሑድ ጫማዬን እንደ ተጫማሁ ወደ ሜዳው ገባሁ። አንዱ ልጅ አቀበለኝ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። በሠላሳ ሰባት ዓመት የሚዘለለውን ያህል ዘለልሁ። ኳሱ የዘመመውን ቀለበት ነክቶ ወጣ።

ጋሼ ዓይናቸው ኳሱ ላይ አልነበረም፤ እግሬን ነበር የሚያዩት።

«ያን ቀንም እንዲሁ ነው የረገጥኸው» አሉ። «ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ጥፋት ነበር፤ ዛሬ አይደለም ካላችሁኝ ይሁን፤ እቀበላለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ከዚያ ጨዋታ የማስታውሰው ርምጃህን አይደለም። ፊሽካ ስነፋ ኳሱን መሬት አስቀምጠህ ቆምህ። ትለቅስ ነበር፤ ግን ቆምህ። ማንም አልያዘህም። ለዚህ ነው ያስታወስሁህ።»

መልስ አልነበረኝም። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ፊሽካ የተወሰደብኝን ስቆጥር ኖሬ፣ ጋሼ በዚያው ፊሽካ ያዩልኝን አንድ ነገር ሳላውቅ ቀርቼ ነበር። ፊሽካ በራሱ ትንፋሽ ነው። «በሕግ አምላክ»ም ቃል ነው። ሁለቱም ኃይል የሚያገኙት ሲሰማ ከሚቆመው ሰው ነው። የሚቆም ሲጠፋ ሰንሰለቱ ይመለሳል፤ ቁራኛ ይመለሳል። ርምጃው አንድ ይሁን ሁለት፣ ዜሮዋ ትቆጠር አትቆጠር፣ ዘመን ሲለዋወጥ ሕጉ መለዋወጡ አይቀርም። መቆሙ ግን በሕግ መጽሐፍ አይጻፍም፤ ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው።

ሰኞ ጠዋት ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ በአንድ የገቢ ማድረጊያ ወረቀት ጀርባ ላይ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጫርሁ፦

አንተ ካልሮጥህብኝ፥ እኔም አልይዝህ፤
በቃል ከቆምህልኝ፥ በገመድ አላስርህ።

ማኪያቶውን የከፈልሁት እኔ ነኝ፤ ኳሷ አልገባችምና። ሙግቱ ግን አልተዘጋም። ጋሼ ዛሬም «ዜሮ» ሲባሉ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ ወጣቶቹም ስልካቸውን ይዘረጋሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን ብታልፉ፣ መንገደኛ ዳኛ አይጠላምና ጎራ በሉ።

ቸር ሰንብቱ።